የምንጣፍ ሠሪው የሞት ኒሻን

ካንኖ ጊንጂ በካጊኖ ከተማ ምንጣፍ ሠሪ ነበር። በዚያ አገር ቤት ውስጥ የሚነጠፈው ታታሚ ከሩዝ ገለባ ተጠቅጥቆ የሚሰፋ፣ ላዩም በተጎነጎነ ቄጠማ የሚሸፈን ወፍራም ንጣፍ ነውና ሥራው ብርቱ ክንድ ይጠይቃል። ጊንጂ ረጅሙን መርፌ በመዳፉ እየገፋ፣ ክሩንም በክርኑ ተጭኖ እያጠበቀ ሃያ ስድስት ዓመት ስለ ሰፋ የቀኝ ክርኑ እንደ ተረከዝ ደድሯል። የላዩ ቄጠማ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ ለመለወጥም ምንጣፉ ከወለሉ መነሣት አለበት። ይህን ሰው ኒሻን ሰብሳቢ ያደረገው ይኸው ምንጣፍ የማንሣት ሥራ ነው።

የዓለም ጦርነቱ በአገሩ ሽንፈት ባበቃበት በጋ፣ ድል አድራጊው ጦር ቤት ለቤት እየዞረ ይፈትሻል የሚል ወሬ ተነዛ። ስለዚህ በየቤቱ የነበረው ኒሻንና ሜዳልያ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማኅተም ያረፈበት ወረቀትም ጭምር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከግድግዳና ከመሳቢያ ጠፋ። ከፊሉ ወንዝ ገባ፤ ከፊሉ ተቃጠለ። ብዙው ግን ምንጣፍ ሥር፣ እርጥበት እንዲከላከል በሚነጠፈው አሮጌ ጋዜጣ መካከል ተሸሸገ። ፈታሽ አልመጣም። ከደበቁት ሰዎች አንዳንዶቹ ሞቱ፤ አንዳንዶቹ ረሱ፤ የቀሩትም ማስታወስ አልፈለጉም። ጊንጂ ምንጣፉን ገልብጦ ጋዜጣውን ሲያነሣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሳጥን ካገኘ፣ ሥራውን አቁሞ የቤቱን እመቤት ይጠራል።

«እመቤት፣ ይህ የማን ነው?»

«ውይ! እስከ ዛሬ አለ እንዴ? ከቆሻሻው ጋር ይጣሉልኝ።»

«እጥለዋለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። እወስደዋለሁ። የማን እንደ ነበረ ግን ይንገሩኝ።»

ስሙ ካልተነገረው አይወስድም፤ ሳጥኑን ወደነበረበት መልሶ ምንጣፉን ያለብስበታል። ኒሻኑን ከወረቀቱ ለይቶ አያውቅም። ብሩ ቢጠቁር አይወለውለውም፤ የጠቆረው በባለቤቱ ቤት ነው፣ ይላል። በእያንዳንዱ ሳጥን ክዳን ውስጥ የሰውየውን ስምና መንደር፣ እንዴት እንደ ሞተ ወይም እንደ ተመለሰ የምትገልጽ ብጣሽ ወረቀት በራሱ እጅ ጽፎ ይለጥፋል። እንዲህ እያለ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ የሚበልጥ ሳጥን ሰበሰበ።

በካጊኖ ሌሎችም ሰብሳቢዎች ነበሩ። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ፓስታ የመሰለ ኑድል ከሚሸጥ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ይገናኛሉ። በዚያ ጉባኤ የኒሻን ፊት በጣት አይነካም፤ በጥብጣቡ ወይም በጠርዙ ተይዞ በታጠፈ ሐር ላይ ያርፋል። የሚያቀብል በሁለት እጁ ያቀብላል፤ የሚቀበልም አንገቱን ሰበር አድርጎ ይቀበላል። ከአክብሮቱ ጋር ተረቡም አይቀርም።

«ካንኖ፣ ዛሬ ደግሞ ከማን ወለል ሥር ወጣህ?» ይሉታል።

«ከእናንተ ወለል ሥር ገና ነኝ» ይላቸዋል፤ «ሚስቶቻችሁ ያስጠሩኝ ቀን ብዙ ጉድ ይወጣል።»

የጉባኤው ዋና ሰው ጡረታ የወጣው የዓይን ሐኪም ኒኑማ ነበር። ዕድሜው ሰባ አልፏል፤ በጦርነቱ ዘመን የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበር። በአውራጃው የእርሱን ያህል የተሟላና የተዋበ ስብስብ ያለው አልነበረም። ሐኪሙ ኒሻንን በየደረጃው ይደረድራል፤ ሰውየውን ግን ከቁም ነገር አይቆጥርም። «ኒሻን የሚቀመጠው በደረጃው ነው» ይል ነበር፤ «ሰውማ አላፊ ነው።» ጊንጂ በዚህ ጉዳይ ከሐኪሙ ጋር ዓመት ሙሉ ተከራክሮ ዓመት ሙሉ አልተስማማም።

ከጊንጂ ስብስብ ውስጥ አንድ ሳጥን ብቻ ጎድሎ ነበር። እርሱም የራሱ ነው።

ጊንጂ ወንድ ልጅ በሌለው በካንኖዎች ቤት አግብቶ ሳይገባና በአገሩ ሥርዓት የሚስቱን ቤተሰብ ስም ሳይወስድ በፊት ኦይካዋ ጊንጂ ይባል ነበር፤ የኑማዛኪ መንደር ገበሬ ሁለተኛ ልጅ። በሃያ ሦስት ዓመቱ ወታደር ሆኖ ጓዳልካናል ወደሚባለው ደሴት ተላከ። በዚያ ደሴት ስንቅ ከተቋረጠ በኋላ ውጊያው ከጠላት ይልቅ ከረሃብና ከወባ ጋር ሆነ። ጊንጂ በትኩሳት ራሱን ስቶ ከወደቀበት የአሜሪካ ቃፊሮች አግኝተው አነሡት። ዓይኑን የገለጠው በባዕድ ድንኳን ውስጥ ነው። ከዚያ በኒውዚላንድ የምርኮኞች ሰፈር ሦስት ዓመት አሳለፈ።

የአገሩ ሠራዊት የሞተ እንጂ የተማረከ ወታደር አላውቅም ይል ነበርና ለቤተሰቡ የሞቱ መርዶ ተላከ። ቀጥሎም ከመንግሥት የፀሐይ መውጫ ኒሻን ስምንተኛው ደረጃ መጣ፤ በቅጠል አምሳል የተቀረጸ ብር፣ ዳርና ዳሩ ቀይ የሆነ ነጭ ጥብጣብ ያለው፣ ስሙና ቁጥሩ ከሰፈረበት ወረቀት ጋር። ታላቅ ወንድሙ ዮሺሱኬ ሳጥኑን በቤቱ የሙታን መታሰቢያ ላይ አኖረው፤ ለታናሹም የመቃብር ድንጋይ አስጠርቦ አቆመለት።

ጊንጂ ጦርነቱ ባበቃ በሰባተኛው ወር፣ በበረዶ ቀን ከባቡር ወርዶ በእግሩ ቤቱ ደረሰ። በሩን የከፈተለት ዮሺሱኬ ነበር። ያቀረበለት የመጀመሪያ ጥያቄም «ስትመጣ ማን አየህ?» የሚል ነበር።

በማግሥቱ ኒሻኑና ወረቀቱ ከመታሰቢያው ላይ አልነበሩም። የመቃብር ድንጋዩንም ወድቆ አገኘው። ስለ ሁለቱም ማንም ምንም አልተናገረም። ጊንጂ መማረኩን ሸሽጎ አያውቅም፤ የጠየቀው ቢኖር ይነግረው ነበር፤ ጠያቂ ግን አልነበረም። ሰዎች ገና ወሬው ወደዚያ ሲያዘነብል ስለ ሩዝ ቡቃያ መጠየቅ ይጀምራሉ። ዮሺሱኬ በበኩሉ የቤቱ ምንጣፍ ሲያረጅ ወንድሙን ጠርቶ አያውቅም፤ በባቡር ሦስት ጣቢያ ርቆ ካለ ከተማ ሌላ ሠሪ ያስመጣል። ሰው ሁሉ ይህን እያየ ይስቅ ነበር። ጊንጂ ግን ምክንያቱን ያውቃል። ሳጥኑ ያለው እዚያ፣ ከወንድሙ ወለል ሥር ነው።

ጦርነቱ ባበቃ በሃያ ዘጠነኛው ዓመት፣ ሙታን ወደየቤታቸው ይመለሳሉ በሚባልበት የነሐሴ በዓል ሰሞን፣ ዶክተር ኒኑማ በከተማው ጽሕፈት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ «የአውራጃችን የጦር ጀግኖች» የሚል የኒሻን ትርኢት አሰናዳ። ከጊንጂም እንዲያውሰው ጠይቆት ነበር።

«በክዳኑ የጻፍኩት አብሮ ይታያል?» አለው ጊንጂ።

«አይታይም። ካርዱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ሁሉም አንድ ወጥ መሆን አለበት።»

«እንግዲያው የእኔዎቹ ቤታቸው ይቆዩ።»

ያም ሆኖ በመክፈቻው ቀን ልብሱን ለውጦ ሄደ። አርባ ሦስት ሳጥኖች በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር በብሩሽና በቀለም በጥንቃቄ የተጻፈ ነጭ ካርድ አለ። ጊንጂ እጁን ከኋላው አጣምሮ ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ እያነበበ ሄደ። ከሦስተኛው መስታወት ሲደርስ እግሩ ቆመ። ካርዱ እንዲህ ይላል፦ «ወታደር ኦይካዋ ጊንጂ። በጓዳልካናል ደሴት በጀግንነት ሲዋጋ በክብር ወደቀ።»

ወረቀቱን አየ። ቁጥሩን አየ። ከጥብጣቡ አንድም ክር አልተተረተረም። ዶክተር ኒኑማ ከኋላው ቀረበ።

«አየህልኝ? ሙሉ ነው፤ ሳጥኑም፣ ጥብጣቡም፣ ወረቀቱም። እንዲህ ያለ ሙሉ ስብስብ በአሥር ዓመት አንዴ ቢገኝ ነው።»

«ማን ሰጠዎት?»

«ኦይካዋ ዮሺሱኬ የሚባል የኑማዛኪ ገበሬ ነው። አሮጌ ቤቱን ሲያፈርስ አገኘሁት ብሎ አመጣልኝ። የታናሽ ወንድሙ ነው። ሲያስረክበኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።»

«ቢያለቅስ አይፈረድበትም። ታናሽ ወንድሙ እኔ ነኝ።»

«አሁን የቀልድ ጊዜ አይደለም፣ ካንኖ፤ ከንቲባው እየመጡ ነው።»

ጊንጂ ወደ አንደኛው ፎቅ ወረደ። የቤተሰብ መዝገብ የሚጠበቀው እዚያው ነው። ፎርሙን ሞልቶ፣ ተራውን ጠብቆ፣ የኦይካዋን ቤት መዝገብ ግልባጭ አስወጥቶ ተመለሰ። ሐኪሙ መነጽሩን አውጥቶ አነበበ፦ ሁለተኛ ልጅ ጊንጂ፣ ሞተ። ከበታቹ፣ የሞቱ ምዝገባ ተሰረዘ። ከዚያም ዝቅ ብሎ፣ በጋብቻ ወደ ካንኖ ቤት ገባ። ሦስቱም ላይ የመዝጋቢው ማኅተም አለ።

«እንግዲህ» አለ ጊንጂ፣ «ካርዱ ይታረም።»

ሐኪሙ ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

«ስማኝ። ወንድምህ ዋሽቶኛል፤ ጥፋቱ የእርሱ ነው። ትርኢቱ ሲያበቃ ሳጥኑን ከነወረቀቱ ለአንተ እሰጥሃለሁ። በስጦታ። ከጠፋብህ ስንት ዓመት ሆነው?»

«ሃያ ስምንት ዓመት።»

«በቃ፤ የአንተ ነው።»

«አልወስደውም» አለ ጊንጂ። «እቤቴ ከሌሎቹ ጋር ሳጥን ውስጥ ቢገባ ማን ያየዋል? ሕዝብ ያነበበው ካርዱን ነው። ካርዱ ይታረም።»

«ምን ተብሎ?»

«እንደ ሆነው። ተማረከ፤ በሕይወት አለ።»

ሐኪሙ ማንም አለመስማቱን ለማረጋገጥ ዞር ብሎ አየ። «ያ ቃል በዚህ አዳራሽ አይሰቀልም። የወደቁት ሰዎች ቤተሰቦች ናቸው የሚመጡት። ደግሞስ የአንተን ካርድ ብቀይር የሌሎቹን አርባ ሁለት ማን ያምናል?»

«እኔም እርሱን ልጠይቅዎት ነበር።»

«እንግዲያው አነሣዋለሁ፤ ቦታው ባዶ ይሁን!»

«ያንሡት። እኔ ከባዶው ቦታ አጠገብ ቆሜ ለምን ባዶ እንደ ሆነ ለሚጠይቀኝ እነግራለሁ።»

ሐኪሙ አላነሣውም። ካርዱንም አልቀየረም።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ዮሺሱኬ ወደ ጊንጂ የሥራ ቤት መጣ። የጊንጂ ሚስት ሱዌ የምንጣፍ ጠርዝ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር። ዮሺሱኬ ሰላምታ ሳያስቀድም ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ጉድ ልታመጣብኝ ነው? ሐኪሙ ደውሎ ወቀሰኝ! በስልሳ ዓመቴ ሌባ ሆንኩ!»

«ሌባስ አልሆንክም ጋሼ። ሐሰተኛ ነው የሆንከው» አለ ጊንጂ መርፌውን ሳያቆም።

«ምን ልበለው ታዲያ? ‹ወንድምህ የት ሞተ?› ሲለኝ፣ አልሞተም፣ እጁን ሰጥቶ ነው የመጣው ልበል?»

«እጄንማ አልሰጠሁም፤ እጄ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ራሴን ስቼ ተኝቼ ተወሰድኩ። ነገር ግን ነቅቼም ቢሆን፣ እጄን ሰጥቼም ቢሆን፣ ያው እኔ ነኝ፤ ያው ወንድምህ ነኝ። አንተ ብትሆን በሬን አልዘጋብህም ነበር።»

«እኔ መቼ ዘጋሁብህ? አበላሁህ፤ አለበስኩህ፤ ዳርኩህ!»

«ሁሉንም አድርገሃል። ስሜን ግን ወለል ሥር ቀበርከው።»

ዮሺሱኬ ወደ ሱዌ ዞረ። «አንቺ እንኳ ምከሪው እንጂ! ያንቺንም ቤት ስም ነው የሚያጎድፈው!»

ሱዌ መቀሷን አስቀመጠች። «እኔማ ግራ ገብቶኛል፣ ጋሼ። እርስዎ ሞቷል ካሉ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያገባሁት ሬሳ ነው ማለት ነው። እንግዲያው አጠገቤ ተኝቶ የሚያንኮራፋው ማን ነው? ስሙን ይንገሩኝና ላባርረው።»

ዮሺሱኬ ቆቡን አንሥቶ ወጣ። ከበር ሲደርስ ዞሮ፣ «ቢያንስ የእኔን ስም አትጥራ» አለ። ጊንጂ፣ «ካርዱ ላይ ያለው የእኔ ስም ብቻ ነው» ብሎ መለሰለት።

በማግሥቱ ጊንጂ በሥራ ልብሱ፣ ታጣፊ ወንበሩን በብስክሌቱ ጭኖ መጣና ከሦስተኛው መስታወት አጠገብ ተቀመጠ። ዘበኛው ወንበር ማስገባት ክልክል መሆኑን ቢነግረው ወንበሩን አጥፎ ግድግዳ አስደግፎ ቆመ። በየቀኑ ከቀትር በፊት ምንጣፍ ይሰፋል፤ ከቀትር በኋላ አዳራሹ እስኪዘጋ ይቆማል። ማንንም አይጠራም፤ ማንንም አያስቆምም። ሰው ካርዱን አንብቦ አንገቱን ሲደፋ ብቻ፣ «አመሰግናለሁ፤ እኔ ነኝ» ይላል።

«ምን ነዎት?»

«ኦይካዋ ጊንጂ። በክብር ወደቀ የተባለው። ወባ ጥሎኝ ተማርኬ ነበር። ይኸው አለሁ።»

አንዳንዱ ደንግጦ ያፈገፍጋል። አንዳንዱ ይስቃል። ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ የሚጠምቀው ሰው ሚስት፣ «መቼም በዓሉ የሙታን ነውና በደመና ተጭነው መጡ?» ብትለው፣ «አይ፣ በብስክሌት ነው የመጣሁት፤ ጎማው እንኳ ተንፍሶብኝ ነበር» አላት። የተቆጡም አልጠፉ። አንድ ሽማግሌ በበትሩ ወለሉን እየመታ፣ «አታፍርም? ጓደኞችህ ሞተው አንተ ቆመህ ትለፈልፋለህ!» አለው።

«አላፍርም አባቴ» አለ ጊንጂ። «አፍሬ የኖርኩበት ጊዜ ነበር፤ ያለ ጥፋቴ እንደ ነበረ ስላወቅሁ ተውኩት። ጓደኞቼማ መሞታቸው እውነት ነው። እኔን ከእነርሱ ጋር መደመር ነው ውሸቱ።»

ወሬው በከተማው ተዳረሰ። በአራተኛው ቀን ሰው ከሦስተኛው መስታወት ፊት እየተሰለፈ የጄኔራሎቹን ኒሻን የሚያይ ጠፋ። ዶክተር ኒኑማ ከበሩ ላይ ሆኖ ያያል፤ ይሄዳል፤ ተመልሶ ያያል። ለጊንጂ ሰላምታውን አላቋረጠም፤ ሌላ ቃል ግን አይለውም።

በአምስተኛው ቀን ሃጋ ኪዮኖ መጣች። ባሏ ሃጋ ቶሞዞ ከጊንጂ ጋር በአንድ ጓድ ዘምቶ የቀረ ነው፤ ኒሻኑም ከጊንጂው ቀጥሎ ተቀምጧል። ካርዱም ቃል በቃል አንድ ነው፦ በጀግንነት ሲዋጋ በክብር ወደቀ። ኪዮኖ ዳግመኛ ሳታገባ የሐር ትል እያረባች ኖራለች። ሁለቱን ካርዶች አንድ በአንድ አነበበች። ከዚያ ቀና አለች።

«አቶ ጊንጂ፣ የአንተ ካርድ ውሸት ነው አልክ አሉ።»

«ብያለሁ።»

«የእኔስ?»

ጊንጂ አራት ቀን ሙሉ ሲጠየቅ ሳይወላከፍ መልሷል። አሁን ግን ዙሪያውን ተመለከተ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቅንቷል፤ ሐኪሙም ከበሩ ቆሟል። ስለ ራሱ ያወቀውን መናገር የራሱ ጉዳይ ነበር። ይህች ሴት ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት የቆመችው በዚህ ካርድ ላይ ነው። ዝም ቢላት ማንም አይወቅሰውም። ነገር ግን ዝም ካለ፣ ከሐኪሙና ከወንድሙ በምን ይለያል?

«እዚህ እንድነግርሽ ትፈልጊያለሽ? ወይስ እቤትሽ ልምጣ?»

«የተጻፈው እዚህ ነው። እዚሁ ንገረኝ።»

«አልተዋጋም» አለ ጊንጂ። «በዚያ ሰዓት መሣሪያ ማንሣት የሚችል አልነበረንም። የሞተው በረሃብ ነው። ጀርባውን ለዛፍ ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ጠላት አልነበረም፤ ጩኸት አልነበረም። ካንቺ ጋር የሚነጋገር መስሎት ነበር። ‹ሐብሐቡን ከጉድጓዱ ውኃ አወጣሽው ወይ? ቀዝቅዟል?› ይል ነበር። ሁለት ቀን እርሱን ሲል ቆይቶ ሞተ።»

ኪዮኖ አላለቀሰችም። መስታወቱ ላይ ያረፈ የራሷን የእስትንፋስ ጭጋግ በእጅጌዋ ጠረገች።

«ሐብሐብ» አለች። «በየዓመቱ በዓሉ ሲመጣ ሩዝና ሳኬ አቀርብለታለሁ። የጀግና ነው ብለውኝ ሳኬውን ከምርጡ ነበር የምገዛው። ሳኬ አይወድም ነበር እኮ። ሐብሐብ ነበር የፈለገው፤ ሐብሐብ ደግሞ ጓሮዬ ሞልቶ ይበሰብሳል።» ወደ በሩ ዞረች። «ዶክተር፣ ይምጡ እስቲ። የእኔንም ያርሙልኝ።»

ሐኪሙ ቀረበ። «እመቤት ኪዮኖ፣ ይህ ለእርስዎ ክብር ተብሎ…»

«ለእኔ ክብር ከሆነ እኔ ስለምን ሳልጠየቅ ተጻፈ? ባሌ ተርቦ ነው የሞተው። ተርቦ ይበሉ።»

ዶክተር ኒኑማ ከተመልካቾች ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለጊንጂ፣ ግን ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ እንዲህ አለ፦

«በማንቹሪያ የጦር ሆስፒታል ሳለሁ የሟቾችን ወረቀት የምጽፈው እኔ ነበርኩ። በተስቦ የሞተውንም፣ በተቅማጥ የሞተውንም፣ ራሱን የሰቀለውንም በክብር ወደቀ እያልኩ ጻፍኩ። ከሦስት መቶ በላይ ነው። መጀመሪያ ታዘዝኩ፤ በኋላ ማንም ሳያዘኝ እጄ ራሱ ይጽፈው ጀመር። ይህንም ካርድ ስጽፍ አላሰብኩም። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።»

«እኔ አመጣሁልዎት» አለ ጊንጂ።

ዘበኛው ጠረጴዛ፣ ቀለምና ብሩሽ አመጣ። ሐኪሙ አዲስ ካርድ አስቀምጦ ቀለሙን ፈጭቶ ጻፈ፦ «ወታደር ኦይካዋ ጊንጂ። ከጓዳልካናል በሕይወት ተመለሰ።» ካርዱን ወደ ጊንጂ ገፋ።

ጊንጂ አላነሣውም። «አንድ ቃል ጎድሏል።»

«ካንኖ፣ ይህ አይበቃም? በሕይወት መኖርህን ሁሉም ያነብባል።»

«እንዴት በሕይወት እንደ ቀረሁ ግን አያነብም። ሸሽቼ፣ ወይ ተደብቄ፣ ወይ ዕድል ቀንቶኝ ይመስላቸዋል። ተማረክሁ። ከእኔ ጋር በኒውዚላንድ ስምንት መቶ ያህል ሰው ነበረ፤ ዛሬም በየመንደሩ አፉን ዘግቶ የሚኖር አለ። ሚስቱ የማታውቅለት አለ። ያን ቃል ነው የምፈልገው።»

«በዚህ እጄ ጽፌው አላውቅም።»

«ዛሬ ይጻፉት።»

«አንተው ጻፈው፤ ብሩሹን እንካ።»

«አልጽፍም። ወደቀ ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ የሚያርሙትም እርስዎ ነዎት።»

ሐኪሙ የጻፈውን ካርድ ቀደደ። ሌላ አስቀመጠ። ብሩሹ ከወረቀቱ በላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አንዲት የቀለም ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ከዚያ ጻፈ፦ «ወታደር ኦይካዋ ጊንጂ። በጓዳልካናል ደሴት ተማረከ። በሕይወት አለ።» ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቆ መስታወቱን በቁልፍ ከፈተ፤ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን በቦታው አቆመ። ቀጥሎ የሃጋ ቶሞዞን ካርድ ጻፈ፤ ኪዮኖ ከትከሻው በላይ እያነበበች፣ «በረሃብ የሚለውን ጎላ ያድርጉልኝ» አለችው፤ አጎላላት።

አዳራሹ ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ነበር። በዚያ ቀንም መጥቶ የነበረው ባለ በትሩ ሽማግሌ ቀርቦ ሁለቱን ካርዶች አነበበና ወጣ። አንዲት ሴት ከአምስተኛው መስታወት ፊት ቆማ የራሷን ሰው ካርድ ታያለች።

ሐኪሙ ብሩሹን አላስቀመጠም። ቀሪዎቹን አርባ አንድ ካርዶች ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። ለጊንጂም ከዚያ በፊት ሰጥቶት በማያውቀው አክብሮት ተናገረ።

«አቶ ካንኖ፣ የእነዚህንስ እውነት ያውቃሉ?»

«የሦስቱን አውቃለሁ፤ ሰዎቹ በአጠገቤ ነበሩ። የሌሎቹን አላውቅም። የማላውቀውን አልናገርም።»

«እንግዲያው ምን ላድርግ?»

«ከየቤታቸው ነው የሰበሰቧቸው አይደል? ቤቶቹ ዛሬም አሉ። ጫማዎን አውልቀው ይግቡና ይጠይቁ። ሁሉም አይነግርዎትም፤ አንዳንዱም በሩን ይዘጋብዎታል። እኔ ላይም ስንት ቤት ተዘግቷል። እስኪነግሩዎት ግን ካርዱን ባዶ ይተዉት።»

ሐኪሙ ከሰዎቹ ፊት እንዲህ ሲባል የሚቆጣ መስሎ ነበር። ነገር ግን ቁልፉን ይዞ ወደ መጀመሪያው መስታወት ሄደ፤ ከፈተውና ካርዱን አወጣ። ከዚያ ሁለተኛውን። ሴትየዋ ከአምስተኛው መስታወት፣ «የእኛ ቤት ከድልድዩ ማዶ ነው፤ እናቴ እስካለች ይምጡ» አለችው። ሐኪሙ መነጽሩን አስተካክሎ የቤቱን ምልክት በጥንቃቄ መጻፍ ጀመረ።